በትንሽ ኬዝ ውስጥ የሚጮኽ የግራፊክስ ካርድ ፋን፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ እንዴት ዝም ይባላል?

ግራፊክስ ካርድ ሲጮኽ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ፋን መቀየር ነው። ትንሽ ኬዝ ውስጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ ፋኑ ምንም አልሆነም፤ የታዘዘውን እየሠራ ነው። ካርዱ ሞቀ፣ ቀዝቃዛ አየር አጣ፣ ፋኑ ሩጥ ተባለ፣ ሮጠ። ይህን ፋን ነቅላችሁ አዲስ ብትገጥሙ አዲሱም እንዲሁ ይጮኻል። ስለዚህ እዚህ የምንሄደው ፋኑን ከሚያስሮጡት ነገሮች ተነስተን ነው፤ ፋኑን ራሱን የምንነካው መጨረሻ ላይ ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፦ ፋኑ የሚያንቋርር ወይም የሚፈጭ ድምፅ ካለው በቀጥታ ወደ ኩሽኔታው ክፍል ውረዱ።

ደጋ ላይ ያለ ፋን ለምን ይበልጥ ይሮጣል

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከ20 በመቶ በላይ ይሳሳል። ፋን በአንድ ዙር የሚገፋው የአየር ይዘት ያው ነው፤ የአየሩ ክብደት ግን ይቀንሳል፤ ሙቀትን ተሸክሞ የሚወጣው ደግሞ ክብደቱ ነው። ስለዚህ ባሕር ዳርቻ ላይ በደቂቃ 1,500 ዙር የሚበቃው ካርድ፣ የክፍሉ ሙቀት እኩል ከሆነ፣ ደሴ ላይ ወደ 1,900 ዙር ይፈልጋል። የፋን ፍጥነት በ20 በመቶ ሲጨምር ድምፁ በ4 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል፤ በግማሽ ሲቀንስ ደግሞ 15 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል። ዩቲዩብ ላይ «ድምፁ አይሰማም» የተባለለት ካርድ ደሴ ሸዋ በር ላይ ሲጮኽ ሻጩን ከመውቀስ በፊት ይህን አስቡ።

ደግነቱ የደሴ ብርድ ይክሳል። የክፍሉ ሙቀት በ1 ዲግሪ ሲወርድ የካርዱም ሙቀት በዚያው ልክ ይወርዳልና። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ አየሩ ትንሽ ይወፍራል፣ ሙቀቱ ግን ይጨምራል። ኮቦና ከሚሴ ላይማ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ 30 ዲግሪ ሲያልፍ የወፈረው አየር የረዳውን ሙቀቱ መልሶ ይወስደዋል። ስለዚህ ደሴ ላይ የተስተካከለ ኮምፒውተር ቆላ ሲወርድ እንደገና መስተካከል አለበት።

መጀመሪያ ማዳመጥ

ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የሚባለውን የካርድ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ጫኑ። ነጻ ነው፣ የሌላ ድርጅት ካርድም ላይ ይሠራል። ኮምፒውተሩ ሥራ ሳይበዛበት ፋኑን በፕሮግራሙ ወደ 30፣ 50፣ 70፣ ከዚያ 100 በመቶ አድርጉትና እያንዳንዱ ላይ አንድ ደቂቃ አዳምጡ።

ከፍጥነቱ ጋር እኩል እያደገ የሚሄድ የነፋስ ድምፅ ጤነኛ ነው፤ መፍትሔው ሙቀት መቀነስ ነው። «ጠቅ ጠቅ» እያለ ከፍጥነቱ ጋር የሚፋጠን ከሆነ ኬብል ክንፉን እየነካው ነው። ትንሽ ኬዝ ውስጥ ይህ በጣም የተለመደ ነው፤ ከፓወር ሰፕላይ የመጣ ትርፍ ገመድ ካርዱ ሥር ተጣጥፎ ይተኛል። በአንድ ፍጥነት ላይ ብቻ፣ ለምሳሌ 55 በመቶ አካባቢ፣ «ኡኡኡ» ብሎ ከዚያ በላይም በታችም የሚጠፋ ከሆነ የካርዱ ፕላስቲክ ወይም የኬዙ ቆርቆሮ አብሮ እየነዘረ ነው። የሚፈጭ ድምፅ፣ በተለይ ጠዋት በብርድ ሲነሳ የሚያንቋርርና ሲሞቅ የሚሻለው፣ ኩሽኔታ ነው።

ፋኑ ቆሞም የሚሰማ ስል ፉጨት ካለ ግን ፋን አይደለም። የካርዱ ኮይሎች (የሽቦ ጥቅልሎች) ናቸው። ጌም ሜኑ ላይ በሰከንድ ብዙ መቶ ፍሬም (ምስል) ሲወጣ ይብሳል። ፋን ብትቀይሩ፣ ዘይት ብትጨምሩ አይጠፋም፤ ፍሬሙን 60 ላይ መገደብ ግን ብዙ ጊዜ ያስታግሰዋል።

ቀጥሎ የክዳን ፈተና። ክዳኑ እንደተዘጋ ከባድ ጌም ለ15 ደቂቃ አስሩጡና ሙቀቱንና የፋኑን ዙር ጻፉ። ከዚያ ጌሙን ሳታቆሙ የጎን ክዳኑን አውጡና 10 ደቂቃ ጠብቁ። ሙቀቱ 5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከወረደ፣ ወይም ፋኑ በግልጽ ከተረጋጋ፣ ጥፋተኛው ኬዙ ነው። 1 ወይም 2 ዲግሪ ብቻ ከወረደ ችግሩ ካርዱ ላይ ነው፦ አቧራ ወይም የደረቀ ተርማል ፔስት (ከካርዱ ቺፕ ሙቀት የሚያስተላልፍ ቅባት)። ይህን ፈተና ሳትሠሩ ዕቃ አትግዙ።

አቧራና የእጣን ጢስ

ወሎ ቤት ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ሁለት ዓይነት ቆሻሻ ያጋጥመዋል። አንዱ የበጋው ደረቅ አቧራ ነው፤ በብሩሽ ይለቅቃል። ሁለተኛው ከከሰሉና ከእጣኑ የሚመጣው ነው። ከአቦል እስከ በረካ ሲጨስ የዋለ እጣን ሂትሲንኩ (የካርዱን ሙቀት የሚበትነው ባለ ቅጠል ብረት) ላይ ሙጫ የመሰለ ስስ ሽፋን ይተዋል፤ አቧራው እዚያ ላይ ሲጣበቅ ንፋስ ብቻውን አያነሳውም። ካርዱን በባትሪ ብርሃን ስታዩት በሂትሲንኩ ቅጠሎች መሃል ግራጫ ብርድ ልብስ የመሰለ ነገር ካያችሁ እሱ ነው። ኮምፒውተሩን ከረከቦቱ አጠገብ ካለው ወለል አንስቶ ጠረጴዛ ላይ ማውጣት ብቻ ብዙ ነገር ያድናል።

አወጣጡ እንዲህ ነው፦

1. ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ ስፒናውን ንቀሉ፣ የማብሪያውን ቁልፍ 10 ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙ። ብዙ ቤት ሶኬቱ ኧርዝ ስለሌለው በእጃችሁ ያለውን ስታቲክ ለማውረድ የኬዙን ያልተቀባ ብረት ደጋግማችሁ ንኩ።

2. ካርዱ ላይ ባለ 6 ወይም ባለ 8 ፒን ገመድ ካለ መያዣዋን ተጭናችሁ አውጡ። ገመዱን ሳይሆን ጭንቅላቱን ያዙ።

3. ከኋላ ያሉትን ብሎኖች በኮከብ ካቻቢቴ ፍቱ። ከዚያ ካርዱ የተሰካበት ስሎት ጫፍ ላይ ያለችውን የፕላስቲክ መቆለፊያ ተጫኑ። ትንሽ ኬዝ ውስጥ ከካርዱ ሥር ተደብቃ ስለምትገኝ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰብራት እሷን ነው። በእንጨት ዘንግ ወይም በእስክሪብቶ ጫፍ ተጫኗት፤ ካቻቢቴ ቢያመልጥ ማዘርቦርዱን ይቧጥጣል።

4. ፋኑን በጣት ያዙና በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ጥረጉ፣ ከዚያ በእጅ ፓምፕ ንፉ። ፋኑ በነፋስ እንዲሽከረከር አትፍቀዱ፤ ከአቅሙ በላይ ሲዞር ኩሽኔታው ይጎዳል።

5. ክንፎቹ ላይ የቀረውን የሚያጣብቅ ነገር በአልኮል በነከራችሁት የጆሮ ጥጥ አንሱ። ሁሉም ክንፍ እኩል መጽዳት አለበት። ግማሹ ጸድቶ ግማሹ ከቆሸሸ ፋኑ ሚዛን ያጣል፣ ይነዝራል።

የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ይዘው የሚሄዱ አሉ። አትሂዱ። ከታንኩ ውኃና ዘይት አብሮ ይወጣል፣ ግፊቱም ክንፍ ይሰብራል።

ሙቀቱን ከምንጩ መቀነስ

ገንዘብ ሳይወጣበት ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ይህ ነው። አፍተርበርነር ላይ «ፓወር ሊሚት» የሚለውን ከ100 ወደ 80 በመቶ አውርዱ። 170 ዋት የሚበላው አርቲኤክስ 3060 ወደ 136 ዋት ይወርዳል ማለት ነው። ካርዶች መጨረሻዋን ትንሽ ፍጥነት የሚያገኙት በብዙ ኤሌክትሪክ ስለሆነ፣ ኃይሉ በ20 በመቶ ሲቀንስ የጌሙ ፍሬም የሚቀንሰው ከዚያ በጣም ባነሰ ነው፤ ዓይን ብዙ ጊዜ አይለየውም። ስክሪናችሁ 60 ኸርዝ ከሆነ ፍሬሙንም 60 ላይ ገድቡት። ስክሪኑ የማያሳየውን ፍሬም እየሠሩ መሞቅ ትርፉ ድካም ነው።

ከዚህ በላይ መሄድ ለሚፈልግ ቮልቴጅ መቀነስ አለ። በኤንቪዲያ ካርድ ላይ ኮንትሮልና ኤፍን አብራችሁ ስትጫኑ የቮልቴጅና የፍጥነት መስመር ይከፈታል። ለመነሻ 0.900 ቮልት ያለችበትን ነጥብ ካርዱ በተለምዶ ጌም ላይ ከሚሮጥበት ፍጥነት 50 ሜጋኸርዝ ዝቅ ወዳለ ቁጥር አድርጓት፤ ከእሷ በስተቀኝ ያሉት በሙሉ በዚያው ቁመት ጠፍጣፋ ይሁኑ። አንድ ሰዓት አስሩጡ። ጌሙ ተዘግቶ ከወጣ ወይም ስክሪኑ ጠቁሮ ከተመለሰ ቮልቱን በ0.025 ከፍ አድርጉት። አብሽሩ፣ ቮልት በመቀነስ ካርድ አይቃጠልም፤ ቢበዛ ኮምፒውተሩ ይቆማል። «ኮምፒውተሩ ሲነሳ ተግብር» የምትለውን ምልክት ግን ቢያንስ ሁለት ቀን ሳይቆም እስኪሠራ አትጫኑ። የኤኤምዲ ካርድ ያለው ይህንኑ በራሱ በአድሬናሊን ፕሮግራም ውስጥ «ቲዩኒንግ» ከሚለው ገጽ ያገኘዋል።

ያገለገሉ የቢሮ ኮምፒውተሮች ውስጥ የሚገጠሙት አጫጭር ካርዶች ነገራቸው ይለያል። ኃይል የሚያገኙት ከስሎቱ ብቻ ነው፣ ስሎቱም ከ75 ዋት በላይ አይሰጥም፤ ስለዚህ ሙቀታቸው ብዙ አይደለም። የሚያስጮኻቸው የፋናቸው ትንሽነት ነው። ትንሽ ፋን ያንኑ አየር ለመግፋት ብዙ መዞር አለበት፣ ድምፁም ቀጭንና ጆሮ የሚበሳ ይሆናል። ለእነሱ ኃይሉን ወደ 85 በመቶ ማውረድና ፍሬም መገደብ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

የፋኑን መስመር መሳል

ድምፅ የሚያናድደው ብዙ ጊዜ ከፍታው ሳይሆን መለዋወጡ ነው፤ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ እንደገና ከፍ። ይህ የሚመጣው ፋኑ በየ1 ዲግሪው ሲታዘዝ ነው። አፍተርበርነር «ሴቲንግስ» ውስጥ «ፋን» የሚለውን ክፈቱ፣ በተጠቃሚ የሚወሰነውን መስመር አብሩና በዚህ ጀምሩ፦ እስከ 50 ዲግሪ 30 በመቶ፣ 60 ላይ 38፣ 70 ላይ 50፣ 77 ላይ 62፣ 84 ላይ 90። ከታች «ሂስተሪሲስ» የሚለውን 4 ዲግሪ አድርጉት፤ ሙቀቱ 4 ዲግሪ ካልወረደ ፋኑ ፍጥነቱን አይቀንስም፣ በዚህም መዋዠቁ ይቆማል።

ቅድም አንድ ፍጥነት ላይ ብቻ የሚነዝር ድምፅ ሰምታችሁ ከነበረ መስመሩ እዚያ ላይ እንዳይቆም አድርጉ። ንዝረቱ 55 ላይ ከሆነ ከ50 ወደ 60 በቶሎ ይሻገር። ካርዱ 75 ዲግሪ ላይ ቢሠራ ምንም አይደለም። 60 ዲግሪ ላይ ካልያዝኩት ብሎ ፋኑን የሚያስጮኽ ሰው ያለ ምክንያት ጆሮውን ያደክማል።

ኬዙን ማስተንፈስ

የክዳኑ ፈተና ኬዙን ከከሰሰ እዚህ ጊዜ ስጡ።

መጀመሪያ በካርዱ ፋንና ከፊቱ ባለው ግድግዳ መካከል ያለውን ክፍተት በማስመሪያ ለኩ። ከ20 ሚሊሜትር በላይ ከሆነ ጥሩ ነው። ከ10 በታች ሆኖ ግድግዳው ቀዳዳ የሌለው ቆርቆሮ ከሆነ ፋኑ እየታነቀ ነው፤ በዚህ ሁኔታ ምንም ሶፍትዌር አያድነውም። ግድግዳው ላይ ቀዳዳ ካለ ግን ቅርበቱ ጥቅም ይሆናል። በፋኑ ዙሪያ ከ5 እስከ 10 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ እንደ ቀለበት ቆርጣችሁ ከክዳኑ ጋር እንዲገናኝ አድርጉ፤ ያኔ ካርዱ ውስጥ የሞቀውን አየር መልሶ ሳይሆን የውጭውን ብቻ ይስባል። ይህች የስፖንጅ ቀለበት የምትጠቅመው ከምታስቡት በላይ ነው።

ኬዙ በሥሩ የሚተነፍስ ከሆነ እግሮቹን ከፍ አድርጉ። ከአሮጌ ሸበጥ ሶል በ2 ሴንቲሜትር ኩብ አራት ቆርጦ ማጣበቅ ሁለት ሥራ ይሠራል፦ አየር ያስገባል፣ ጠረጴዛው እንደ ከበሮ እንዳያስተጋባም ንዝረቱን ይውጣል። ለአቧራ ማጣሪያ አንድ ድርብ የሴት ስቶኪንግ ወጥሮ ማሰር ይሆናል፤ ነጠላ ወይም ሻሽ ግን ክሩ ጥቅጥቅ ስለሆነ አየሩን ያግዳል። ማጣሪያ ያለው ሰው በየወሩ ያጥበው፤ የተደፈነ ማጣሪያ ጭራሽ ማጣሪያ ካለመኖር ይብሳል።

ኬዙ የኋላ ፋን ቦታ ካለውና ባዶ ከሆነ አንድ 80 ወይም 92 ሚሊሜትር ፋን በዝግታ እየዞረ አየር ቢያወጣ የካርዱን ፋን ያሳርፈዋል።

ተርማል ፔስት

ካርዱ ሁለት የሙቀት ቁጥር የሚያሳይ ከሆነ በመደበኛውና «ሆትስፖት» (የቺፑ በጣም የሞቀው ነጥብ) በሚለው መካከል ያለውን ልዩነት እዩ። ከ10 እስከ 15 ዲግሪ የተለመደ ነው። ከ25 በላይ ከሆነ ፔስቱ ደርቋል ወይም ሂትሲንኩ በደንብ አልተቀመጠም። ዋስትና ያለው ካርድ ከሆነ ተዉት።

ካርዱን ከመፍታታችሁ በፊት 10 ደቂቃ አሙቁት፤ የደረቀ ፔስት ሲሞቅ ይላላል። በቺፑ ዙሪያ ያሉትን አራት ብሎኖች በመስቀል ቅርጽ እያፈራረቃችሁ ፍቱ። ሂትሲንኩን ወደ ላይ አትሳቡት፤ ግራና ቀኝ በቀስታ እያዞራችሁ አላቁት። ሲላቀቅም ወዲያው አታንሱት፦ የፋኑ ገመድ አጭር ስለሆነ ከሥሩ ተገንጥሎ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጋችሁ ገመዱን በፒንሳ ሳይሆን በጥፍር አውጡ።

የድሮውን ፔስት በአልኮል ጠርጋችሁ አዲሱን የቺፑን ፊት በሙሉ በስሱ ቀቡት። እንደ ፕሮሰሰር መሃል ላይ ጠብታ አድርጎ መተው እዚህ አደጋ ነው፤ የቺፑ ጥግ ሳይነካ ሊቀር ይችላል። ሜሞሪዎቹ ላይ ያሉት ለስላሳ ፓዶች ካልተቀደዱ መልሳችሁ ተጠቀሙባቸው። ከተቀደዱ ውፍረታቸውን ለክታችሁ ያንኑ ግዙ። 1 ሚሊሜትር በነበረበት 1.5 ያደረገ ሰው ሂትሲንኩን ከቺፑ ላይ ያንጠለጥለዋል፣ ካርዱም ከቀድሞው ብሶ ይሞቃል። ከጥገና በኋላ «ባሰበት» የሚባለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ኩሽኔታው ካለቀ

የፋኑን መሃል ይዛችሁ ወደ ጎን ነቅንቁት። ጨዋታ (ልቅ እንቅስቃሴ) በግልጽ የሚታይ ከሆነ አልቋል፤ ዘይት የሚገዛላችሁ ሳምንታት ብቻ ነው። ጨዋታ ከሌለውና የሚያንቋርር ከሆነ ግን ይሞከራል። በፋኑ ጀርባ ያለውን ክብ ወረቀት ቀስ ብላችሁ ግለጡ። ከሥሩ ዘንጉ ወይም ትንሽ የጎማ ክዳን ከታየ 1 ወይም 2 ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ጨምሩ፣ በጣት ለአንድ ደቂቃ አዙሩት። ዘይቱ ልብስ ሰፊ ባለበት ሁሉ አይጠፋም። የምግብ ዘይት ሲሞቅ ሙጫ ይሆናል። ደብሊው ዲ ፎርቲም የቀረውን ቅባት አጥቦ ራሱ ይተናል፣ ድምፁ ይመለሳል። ዘይት የነካው ወረቀት ስለማይለጠፍ ዙሪያውን በአልኮል አድርቁና በክብ የተቆረጠ ናስትሮ ክደኑት፤ ካልሆነ ዘይቱ ካርዱ ላይ ይረጫል። ከወረቀቱ ሥር ዝግ ፕላስቲክ ብቻ ከሆነ አትብሱት፤ ፋን ቀይሩ።

ምትክ ስትፈልጉ የካርዱን ስም ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ጀርባው ላይ ያለውን ኮድ፣ የክንፉን ዲያሜትር፣ በብሎን ቀዳዳዎቹ መካከል ያለውን ርቀትና የገመዶቹን ብዛት ፎቶ አንሱ። አንድ ስም ያለው ካርድ በተለያየ ጊዜ በተለያየ ፋን ይወጣል።

ምትኩ ካልተገኘ የካርዱን ፕላስቲክና ፋን በሙሉ አውልቆ ተራ የኬዝ ፋን ሂትሲንኩ ላይ በፕላስቲክ ማሰሪያ ማሰር አለ። ጸጥታው ከዋናውም ይሻላል፣ ቦታ ግን ይበላል። ለ17 ሴንቲሜትር ካርድ አንድ 120 ሚሊሜትር፣ ለ20 ሴንቲሜትር ሁለት 92 ይበቃሉ፤ ቦታ ለጠበበበት 15 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው ቀጫጭኖች አሉ። የካርዱ ባለ አራት ፒን ቀዳዳ ከማዘርቦርዱ ያነሰ ስለሆነ መለወጫ ገመድ ያስፈልጋል። ገመዱን ቆርጣችሁ ልትቀጥሉ ከሆነ ቀለሙን አትመኑ፤ 12 ቮልቱን በቴስተር ለዩት። መለወጫ ከሌለ ፋኑን ማዘርቦርዱ ላይ ሰክታችሁ «ፋን ኮንትሮል» በሚባለው ነጻ ፕሮግራም የካርዱን ሙቀት እንዲከተል አድርጉ። ትልቅ ፋን በዝግታ ስለሚዞር የቀድሞው መስመር አይሠራም፣ እንደገና ሳሉት።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ክዳኑን ዝጉና ያንኑ የ15 ደቂቃ ፈተና ድገሙ። የስልክ ዴሲቤል መለኪያ በትክክለኛ ቁጥር አይታመንም፣ ለማነጻጸር ግን ይሆናል፤ ከሥራው በፊትም በኋላም ሁለቱንም ጊዜ 50 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ አስቀምጡት። ቁጥሩ ወርዶ ድምፁ አሁንም ካለ እጃችሁን ክዳኑ ላይ ጫን አድርጉ። ዝም ካለ የሚጮኸው ቆርቆሮው ነው፤ ጠርዙ ላይ ስስ ስፖንጅ ለጥፋችሁ መልሳችሁ እሰሩት።